ተከታይ አለ፣ ታካሚ የለም፦ አዳማ ላለው የጥርስ ክሊኒክ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ሁለት የጥርስ ሐኪሞች አዳማ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ከፍተዋል። ቲክቶክ ላይ ከነርሶቻቸው ጋር እየጨፈሩ፣ ቀልድ እየሠሩ ብዙ ተከታይ አፍርተዋል። ወንበሩ ግን ባዶውን ነው የሚውለው። አንድ ልጅ ደግሞ "በየወሩ ክፈሉኝና ቡስት ላድርግላችሁ" ብሏቸዋል፤ ገንዘብ ተከፍሎ ቪዲዮው ለብዙ ሰው እንዲታይ ላድርግ ማለቱ ነው። "እንክፈለው ወይ? ምን ዓይነት ነገር ብንለጥፍስ ነው ሰው የሚመጣው?" ብለው ጠይቀዋል።

ዶክተሮች፣ ለልጁ አሁን አትክፈሉት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለጤና ተቋማት የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ መሥራት እንጀራዬ ነው፤ የጥርስ ክሊኒክ ግን ከሁሉም ይለያል። ሰው ጫማ ወይ ስልክ ሊገዛ ሲያስብ ደስ እያለው ነው ቪዲዮ የሚያየው። ጥርስ ሐኪም ጋ ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው የለም። ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፣ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ማስታገሻ ይውጣል፣ በሦስተኛው ቀን ትንሽ ሻል ሲለው "ተመስገን፣ ተወኝ" ብሎ ይረሳዋል። የክሊኒኩን አድራሻ አጥቶ አይደለም የቀረው። ፈርቶ ነው። ሕመሙን ይፈራል፣ ዋጋውን ይፈራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ "ይሄን አፍ እንዴት ከፍቼ ላሳይ" ብሎ ያፍራል። የገጻችሁ ሥራ እነዚህን ሦስቱን ማቅለል ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጭፈራውን አልቃወምም። ክሊኒክ ውስጥ የሚስቅ ሰው እንዳለ ማሳየት በራሱ ጥሩ ነው። ችግሩ ቪዲዮው የሚደርሰው ሰው ላይ ነው። ቲክቶክ የሚያስቅ ነገርን ለሚስቅ ሰው ሁሉ ያደርሳል፤ ጎንደር ላለውም፣ ሪያድ ላለችውም። ይስቃሉ፣ ላይክ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። አዳማ መጥተው ጥርስ አያስሞሉም። የእናንተ ታካሚ የሚመጣው ከራሷ ከአዳማ፣ ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከወለንጪቲ፣ ቢበዛ ከመተሐራና ከአሰላ ነው። ስለዚህ አሥር ሺህ ሰው ካየው ጭፈራ ይልቅ ሦስት መቶ የወንጂ ሰው አይቶ ለእናቱ የላከው ቪዲዮ ይበልጥባችኋል። የፌስቡክ ገጻችሁ ተከታዮቻችሁ ከየትኛው ከተማ እንደሆኑ ያሳያችኋል። ዛሬውኑ ክፈቱና እዩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያላችሁበትን ቦታ አስቡት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለሚኖር ፍሎራይድ ለሚባለው ማዕድን ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በእናንተ አካባቢ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ጉድጓድ መኖሩን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ በልዞ ሲያዩት ሰዎች ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ። "አይፋቅም"፣ "ሲጋራ ያጨሳል"፣ "ጫት ነው" ይሉታል። ልጅቷ ፎቶ ስትነሳ አፏን ትገጥማለች፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ይህች ልጅ ስልኳን ይዛ ማታ ማታ ስለ ጥርስ ማንጫ ትፈልጋለች። የምታገኘው ደግሞ "ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅለሽ እሺው" የሚል ቪዲዮ ነው።

እስቲ ለሷ አውሩላት። በቀላል አማርኛና በኦሮምኛ፣ ካሜራውን ፊት ለፊት እያያችሁ። "ጥርስሽ የበለዘው ስላልፋቅሽ አይደለም። ጥርስሽ ገና ድድሽ ውስጥ ሲሠራ፣ ሕፃን ሆነሽ ስትጠጪው የነበረው ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ በዝቶ ነው። ከማንም አልተላለፈብሽም፣ ወደ ማንም አይተላለፍም።" እነዚህን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች በራሱ ሐኪም አፍ ሰምቶ የማያውቅ ስንት ሰው እንዳለ ብትቆጥሩት ትደነግጣላችሁ። ሰው እንዲህ ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው ቪዲዮውን ለእህቱ መላክ ነው። ቀጥሎ "እና ይድናል?" ብሎ ይጽፋል። በቃ፣ ከታካሚያችሁ ጋር ወሬ ጀመራችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አትዋሹ። ቀለል ያለውን በማንጣት ወይም የላይኛውን ስስ ሽፋን በመፈግፈግ ማስተካከል ይቻላል፤ መካከለኛው በሙሌት ዕቃ ይሸፈናል፤ ከባዱ ቬኒር (ጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ቅርፊት) ወይ ጥርሱን ሙሉ የሚያለብስ ሽፋን ይፈልጋል። ማንጣት ብቻውን ሁሉንም ቡኒ እንደማያጠፋ፣ እንዲያውም ነጫጭ ነጠብጣቦቹን አጉልቶ ሊያሳይ እንደሚችል ቀድማችሁ ተናገሩ። ለቬኒር ጥርስ ከተሞረደ መመለሻ እንደሌለውም ተናገሩ። ብዙ ክሊኒክ ቲክቶክ ላይ "ሆሊውድ ስማይል" እያለ የሃያ ዓመት ልጅ ጤነኛ ጥርስ ሞርዶ ሲያሳይ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። እናንተ "ላንቺ ይሄ አያስፈልግሽም፣ ቀላሉ ይበቃሻል" የምትሉበት አንድ ቪዲዮ ብትሠሩ ከሁሉም የበለጠ እምነት የሚያመጣላችሁ እሱ ነው። ሰው ክሊኒክ የሚመርጠው "አያታልሉኝም" ብሎ ሲያምን ነው።

ከዚያው ሳትወጡ ለወላጆችም አውሩ። ውኃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም የቀረው ውስጥ ፍሎራይዱ ይጠነክራል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ለልጁ ብሎ አፍልቶ ያጠጣል። የፊት ጥርስ የሚሠራው በሕፃንነት ነው፤ ስምንት ዓመት አካባቢ ከደረሱ በኋላ ሽፋኑ ተሠርቶ ያልቃል። ስለዚህ ጥንቃቄው ለትንንሾቹ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የጥርስ ሳሙና የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ያህል፣ ደግሞ እንዳይውጡት። ይህን ልጃችሁ ብሩሽ ይዞ እያሳየ ብትቀርጹት ከየትኛውም ጭፈራ በላይ ይሄድላችኋል።

ሌላው ርዕስ የማያልቅበት ቦታ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። "የላይኛው ጥርስ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል።" "እርጉዝ ሴት ጥርስ አትነካም።" "ጥርሴን ትል ነው የበላው።" "ሕፃኑ ተቅማጥ የያዘው ግጉ ስላልወጣለት ነው።" እነዚህን በየቀኑ ትሰማላችሁ። እያንዳንዱ አንድ ቪዲዮ ነው። ግን ሲመልሱ መሳቅ የለም። እናቲቱ ልጇ እንዳይሞትባት ብላ ነው ግግ የምታስወጣው፤ ያኔ የቋሚው ጥርስ መሠረት እንደሚጎዳ፣ ባልጸዳ መሣሪያ ሕፃኑ ኢንፌክሽን እንደሚይዘው ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳትም። እንደ ታናሽ እህታችሁ አስረዷት። ያፌዛችሁባት ቀን ሁለተኛ አትመጣም፣ ጎረቤቷንም ታስቀራለች።

ሕመሙን የሚፈራው ሰው ደግሞ ማብራሪያ አይበቃውም፣ ማየት አለበት። እንዲህ አድርጉ። ከስልካችሁ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ማለዳ፣ የመስኮት ብርሃን ባለበት፣ ወንበሩ አጠገብ ቁሙ። ከኦቶክሌቭ፣ መሣሪያውን በእንፋሎት ከሚያጸዳው ማሽን፣ የወጣውን የታሸገ ከረጢት ወደ ካሜራው አስጠጉት። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙ መቀየሩን በጣታችሁ አሳዩ፦ "ይሄ እንዲህ ካልጠቆረ መሣሪያውን አንጠቀምበትም። 121 ዲግሪ ሙቀት ላይ ነው የቆየው።" ከረጢቱን ስትቀዱት የሚወጣውን ድምፅ ተዉት፣ ሙዚቃ አትጨምሩበት። ከዚያ አዲስ ጓንት፣ አዲስ መርፌ፣ አዲስ ኩባያ። "አንተ ስትመጣ ይሄን ፊትህ ነው የምንከፍተው፤ ካልከፈትን ጠይቀን" ብላችሁ ጨርሱ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በጥርስ መሣሪያ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ይተላለፍ ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰው ብዙ ነው፣ ሥጋቱም የሞኝ ሥጋት አይደለም። ጥያቄውን አፍ አውጥቶ ሳይጠይቃችሁ ነው የመለሳችሁለት።

ስለ መርፌውም እንዲሁ። "ምንም አያምም" አትበሉ፤ ያምማል፣ ለጥቂት ሰከንድ ይቆነጥጣል። "መጀመሪያ ትንሽ ትቆነጥጥሃለች፣ ከዚያ ከንፈርህ ይደነዝዛል፣ ስንነቅል የመገፋት ስሜት ይሰማሃል እንጂ የስለት ሕመም አይሰማህም፤ ካመመህ እጅህን አንሳ፣ እናቆማለን።" "እናቆማለን" የምትለዋ ቃል ናት ሰውየውን የምታመጣው። "100% ያለ ሕመም" የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ አንድ ታካሚ ካመመው ያኔውኑ ውሸት ይሆናል፣ ኮመንት ላይም ይመጣባችኋል።

ዋጋ። እባካችሁ "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን ተዉት። ሰው ይሄን ሲያይ "ውድ ነው ማለት ነው" ወይም "ፊቴን አይተው ሊጠሩልኝ ነው" ይላል። ሁሉን ነገር በቁርጥ ዋጋ መለጠፍ እንደማይቻል ይገባኛል፣ ጥርሱ ሳይታይ ሥር ይታከም ይሞላ አይታወቅም። ግን ካርድ ስንት እንደሆነ፣ እጥበት ስንት እንደሆነ፣ መንቀል ከስንት ጀምሮ ስንት ድረስ እንደሆነ፣ ራጅ ለብቻው ይከፈል አይከፈል ጻፉት። ደሞዝተኛ ሰው የወሩን ሒሳብ ሠርቶ ነው የሚመጣው። ለረጅም ሕክምና፣ ለብሬስ (ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ለምሳሌ፣ በየወሩ ከፍሎ መጨረስ የሚቻል ከሆነ እሱን በትልቁ ጻፉ። ብዙ ሰው ብሬስ አንድ ጊዜ ሙሉ የሚከፈል እየመሰለው ነው የሚቀረው።

አሁን ደግሞ ማንም የማያነሳው ጉዳይ፦ ስልኩን ማን ነው የሚያነሳው? በብዙ ክሊኒክ ቪዲዮው ሥራውን ሠርቶ ታካሚው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው "ጥርሴ በጣም እየጠዘጠዘኝ ነው፣ ስንት ነው?" ብሎ ቴሌግራም ላይ ይጽፋል። በማግስቱ ከቀትር በኋላ "ሰላም፣ መጥተው መታየት አለብዎት" የሚል መልስ ይደርሰዋል። እስከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ ነቅሎ ገላግሎታል። ይልቅ ጠዋት በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ የሌሊቱን መልእክት መመለስ ይሁን። መልሱም እንዲህ ይሁን፦ "እንዴት አደሩ? አይዞዎት፣ የጥርስ ሕመም ከባድ ነው። በየትኛው በኩል ነው? አብጧል? ትኩሳት አለዎት? ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ቦታ አለን፣ ልያዝልዎት? ካርድ ይህን ያህል ነው።" ስሙን ጠይቁ፣ ሰዓት ስጡ፣ ዋጋ ንገሩ። ፊቱ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ አፉን መክፈት ወይ መዋጥ ያቃተው ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አይደለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው የሚላከው። ይህን እንግዳ ተቀባይዋ በቃሏ ማወቅ አለባት። በጽሑፍ የመድኃኒት ትእዛዝ ግን አይሰጥም፤ ሰው ሳያዩ "አሞክሳሲሊን ውሰድ" ማለት ልማድ ሆኗል፣ እናንተ አትግቡበት።

መልእክቱ የሚገባበት ስልክም የክሊኒኩ ይሁን፣ የክሊኒኩ ሲም ይሁን። የሰው ራጅ፣ የሰው አፍ ፎቶ በሠራተኛ የግል ቴሌግራም ላይ ተቀምጦ ሠራተኛዋ ሥራ ስትለቅ አብሮ ሲወጣ አይቻለሁ። ያ የታካሚ ምስጢር ነው።

ስለ ፎቶ ካነሳን፣ "በፊትና በኋላ" የሚሉትን ሁሉም ይወደዋል፣ ይሠራልም። ግን አዳማ ትንሽ ከተማ ናት። ፊቱን ብትሸፍኑትም ጥርሱን አይቶ "ይሄማ የእገሌ ልጅ ነው" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ስለዚህ ሕክምናው ሲያልቅ፣ ሒሳቡም ከተዘጋ በኋላ፣ ሰውየው ምንም ጫና ሳይኖርበት ጠይቁት። የት እንደሚለጠፍ፣ ፊቱ ይታይ አይታይ፣ ሲፈልግ እንደሚነሳለት ጽፋችሁ አስፈርሙት። ልጅ ከሆነ ወላጁ። ቅናሽ እሰጥሃለሁ ብሎ ፈቃድ መግዛት ጥሩ አይደለም፤ ሰው ሲቸግረው እምቢ ማለት አይችልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ተራ መረጃ አይደለም፣ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አለ። ክፍያ የተከፈለበት ማስታወቂያ ከመልቀቃችሁ በፊት ፈቃድ የሰጣችሁ የጤና ቢሮ ጋ ሄዳችሁ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ጠዋት ይወስዳል፣ ፈቃዳችሁን ግን ያተርፋል።

ኮመንት ላይ "ጥርሴን አበላሹብኝ" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። አታጥፉት፣ አትሟገቱትም። "አንተ እኮ ቀጠሮህን አልጨረስክም" ብሎ መመለስ ትክክል ቢሆንም እንኳ ስህተት ነው፤ ሰውየው ታካሚያችሁ መሆኑን፣ ምን እንደታከመ በአደባባይ ተናገራችሁ ማለት ነውና። "በመከፋትዎ አዝነናል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉልን፣ ሐኪሙ ራሱ ያነጋግርዎታል" በሉና በእውነት ደውላችሁ አነጋግሩት። የሚያነበው ሌላው ሰው የሚያየው ጠባያችሁን ነው።

የቋንቋውን ነገር ቀደም ብዬ ነካ አድርጌዋለሁ። አዳማ ላይ ሆናችሁ በአማርኛ ብቻ መለጠፍ ብዙ የከተማውን ሰው መተው ነው። አንዳችሁ ኦሮምኛ የምትችሉ ከሆነ ያንኑ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ ቅረጹት። ከታች ጽሑፍ መለጠፍ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ እናቶች ቪዲዮ የሚያዳምጡት ወጥ እየሠሩ ነው፣ ስክሪን አያነቡም።

መቼ መቼ ይለጠፍ ለሚለው፣ የሀገሩን ጊዜ ተከተሉ እንጂ "በሳምንት ሦስት ጊዜ" የሚለው ሕግ አያስጨንቃችሁ። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ነው። ሙሽሮች ደግሞ ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው "አንጡልኝ" ብለው የሚመጡት፣ ያኔ ጥርሳቸው ቀዝቃዛ ሲነካው እየነዘራቸው ነው ድግስ የሚበሉት። ወር ሲቀረው ኑ በሏቸው። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ልጆችን አስመርምሩ በሉ። መጋቢት 11 የዓለም የአፍ ጤና ቀን ነው፤ ነፃ ምርመራ ማድረግ ከፈለጋችሁ ያን ቀን አድርጉት፣ ቢቻል ወንጂ ወርዳችሁ። በዓቢይ ጾምና በረመዳን ደግሞ "ጥርስ መታከም ጾም ያስፈታል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ሃይማኖቱን ለአባቶችና ለሼኾች ተዉት፤ እናንተ የምትሉት "ከፈለጋችሁ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ወይ ከኢፍጣር በኋላ ቀጠሮ እንይዝላችኋለን" ነው። የማታ ሰዓት መክፈት ከቻላችሁ በረመዳን ወንበራችሁ ባዶ አይሆንም።

ዳያስፖራውን አትርሱ፣ ግን ብዙም አትንጠልጠሉበት። አሜሪካ ያለ ሰው የጥርስ ሒሳብ እዚያ ስለሚከብደው ለገና፣ ለጥምቀት ወይ ለክረምት ሲመጣ ጥርሱን እዚህ መጨረስ ይፈልጋል። ዓረብ አገር የቆዩት እህቶችም ሲመለሱ እንዲሁ። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ በሦስት ሳምንት ያልቃል? እውነቱን ንገሯቸው። ሥር ሕክምናና ሽፋን ላቦራቶሪው ካላዘገየው ያልቃል። ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ብረት ላይ የሚገጠም ጥርስ) ግን ብረቱ ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ወራት ይፈልጋል፣ በአንድ ጉዞ ጥርሱ ተገጥሞ አይሄድም። በመጀመሪያው ጉዞ ብረቱ፣ በሁለተኛው ጥርሱ ብላችሁ በአንድ ቪዲዮ ካስረዳችሁ ያ ቪዲዮ ዓመቱን ሙሉ ይሠራላችኋል። ሂደቱን ከዚያው ሆነው ራጃቸውን ልከው መጀመር ይችላሉ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቡስት መጥፎ ነገር አይደለም። ጥሩ ቪዲዮ ካላችሁ፣ በአዳማ ዙሪያ ላሉ ሰዎች ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ትንሽ ገንዘብ መጨመር ይጠቅማል። አሁን አትክፈሉ ያልኩት የምታስፋፉት ነገር ገና ስለሌላችሁ ነው። ጭፈራውን ቡስት ብታደርጉት ብዙ ሰው ጭፈራ ያያል፣ ሌላ ምንም። መጀመሪያ የበለዘ ጥርሱን፣ የኦቶክሌቩን፣ የዋጋውን፣ የመርፌውን ቪዲዮ ሥሩና ዝም ብላችሁ ልቀቋቸው። ሰው ለሰው የላከውን፣ ብዙ ጥያቄ ያመጣውን ምረጡ። ገንዘብ የሚወጣው በዚያ ላይ ነው።

ስትከፍሉም እንዲህ ይሁን። ለፌስቡክና ለኢንስታግራም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ብር ተቀብለው የሚከፍሉ ልጆች መኖራቸው ግድ ነው፤ ብዙዎቹ ታማኝ ናቸው። ግን የገጹን የይለፍ ቃል አትስጡት። ከገጹ ቅንብር ውስጥ ማስታወቂያ የመሥራት ድርሻ ብቻ ስጡት፣ ባለቤትነቱ በእናንተ በሁለታችሁ ስም ይሁን፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ልጁ በራሱ አካውንት የከፈተው ገጽ ካለ ዛሬውኑ አስረክበን በሉት፤ ሲጣሉ ገጹን ይዞ የሄደ ስንት አለ። ማስታወቂያው ምን ያህል ሰው ጋ እንደደረሰ፣ በየትኛው ከተማ እንደሆነ ከራሱ ከማስታወቂያው ማሳያ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። "ተከታይ ጨምሬላችኋለሁ" ብቻ ካላችሁ ቁጥሩ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ደግሞ "ጥርስህ በልዟል? አፍህ ይሸታል?" ብሎ ሰውን በቀጥታ የሚነካ ማስታወቂያ ሜታ (የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት) አይቀበልም፤ የሰውን የጤና ሁኔታ እንደምታውቁ አድርጎ መናገር ደንባቸው ይከለክላል። "ጥርስ ለምን ይበልዛል?" ብላችሁ ጀምሩ፣ ያልፋል፣ ለሰውም ይሻላል።

ታዋቂ ቲክቶከር ጠርቶ በነፃ ቬኒር መሥራትን በተመለከተ፣ ለአሁኑ ይቅርባችሁ። ገንዘቡ ብዙ ነው፣ የሚያመጣው ሰው ደግሞ ቬኒር የማያስፈልገው ሰው ነው።

ጎግል ማፕ ላይ ክሊኒካችሁን ካላስመዘገባችሁ ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን አድርጉ። ጥርሱን ያመመው ሰው ፌስቡክ አይከፍትም፣ "አዳማ ጥርስ ሐኪም" ብሎ ይፈልጋል። በሩን ከመንገዱ ማዶ ፎቶ አንሱት፣ ምልክቱን በሰው አነጋገር ጻፉት፦ ከየትኛው ባንክ ፊት ለፊት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ደረጃው በየት በኩል እንደሆነ። አሮጊት እናቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ሊፍት መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልበል። ሁሉን ነገራችሁን ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ አታስቀምጡ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። ያኔ ታካሚያቸውን በቴሌግራም ብቻ የያዙ ክሊኒኮች ቀጠሮ ማስታወሻ የሚልኩበት አጡ። ካርድ ሲወጣ ስልክ ቁጥር ጻፉ፣ ተራ የጽሑፍ መልእክት ለመላክ ፈቃድ ጠይቁ። ከስድስት ወር በኋላ "እጥበትዎ ደርሷል" የሚል አንድ መልእክት ከብዙ ቪዲዮ በላይ ሰው ይመልሳል። ድሮ የታከመ ሰው ፍርሃቱን አንዴ አልፎታል እኮ።

ውጤቱን የምትለኩት በላይክ አይሁን። እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ደብተር አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ አዲስ ታካሚ "ማን ነገረዎት?" ተብሎ ይጠየቅ፤ ቪዲዮ ካለ "የቱ ቪዲዮ?" ይባል። መልሱ በራሱ ቃል ይጻፍ፣ "የሚከፈተው ከረጢት ያለበት"፣ "ስለ ወንጂ ውኃ የምታወሩበት" ተብሎ። ሁለት ወር አድርጉትና ደብተሩን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ሦስት አራት ሰው ያመጣው ቪዲዮ የትኛው እንደሆነ ያኔ ታያላችሁ፤ ልጁንም ጠርታችሁ "ይህችን ብቻ፣ ለአዳማና ለዙሪያዋ" ብላችሁ ክፈሉት።